ቸርኬ እንደ ክራር ይቃኛል

ሳይክላችሁን ገልብጡት። በኮርቻውና በመሪው ይቁም። አሁን የኋላውን ጎማ በእጃችሁ አሽከርክሩና ቸርኬው በፍሬኑ ላስቲኮች መሃል ሲያልፍ ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ከዞረ እድለኞች ናችሁ። የብዙዎቻችን ግን ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ላስቲኩን ነካ አድርጎ ያልፋል። ሽው… ሽው… ሽው።

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ድምፅ በእንቅልፉም ይለየዋል። ከተማዋ ሜዳ ናት። ጣና ዳር ሳይክል የስፖርት ዕቃ አይደለም፤ እግር ነው። ተማሪ ይሄድበታል፣ አስተማሪ ይሄድበታል፣ ጀሪካን ይጫንበታል፣ እጮኛ ከኋላ ይቀመጥበታል። ሲበላሽ ደግሞ ዛፍ ጥላ ሥር አንድ እጁ በግራሶ የጠቆረ ሰው አይጠፋም። ከፊቱ ውኃ ያለበት ሳፋ፣ አጠገቡ የመፍቻ ሣጥን፣ ከኋላው የተሰቀሉ አሮጌ ጎማዎች።

ይህን ሰው ብዙዎቻችን «ጎማ ለጣፊ» አድርገን ነው የምናየው። ይለጥፋል፣ እውነት ነው። የሙያው ከባዱ ክፍል ግን ልጠፋ አይደለም። ከባዱ ያ የሚወላገድ ቸርኬ ነው። ዛሬ በዋናነት ላወራችሁ የፈለግኩትም ስለ እሱ ነው። ሌላውን በየመንገዱ አነሳዋለሁ።

ሽቦ እንዴት ሰው ይሸከማል?

መጀመሪያ የጋሪ ጎማ አስቡ፤ የእንጨቱን። ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱት እንጨቶች ወፋፍራም ናቸው። ጭነቱ ከላይ ሲመጣ ታች ያለው እንጨት እንደ ምሰሶ ቆሞ ይሸከማል። ይሄ ለማንም ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ሳይክሉ ኑ። ሽቦው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ውፍረቱ። አንዷን አውጥታችሁ መሬት ላይ አቁማችሁ በመዳፋችሁ ብትጫኗት ወዲያው ትጎብጣለች። ታዲያ ይህች ሽቦ 70 ኪሎ ሰው፣ ከዚያ ላይ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ እንዴት አድርጋ ትሸከማለች?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽቦዋ ቆማ አትገፋም፤ ተወጥራ ትስባለች። ገና ከመጀመሪያው ስትታሰር ተወጥራ ነው የምትታሰረው። በደህና እጅ በተሠራ ጎማ ላይ የአንዷ ሽቦ ውጥረት፣ 100 ኪሎ ዕቃ ቢንጠለጠልባት ከሚኖራት ውጥረት ጋር ይቀራረባል። 36 ሽቦ ካለ ቸርኬው ከ36 ቦታ ወደ መሃል እየተጎተተ ነው። ጉተታቸው ስለሚመጣጠን የትም አይሄድም። ያ ዝም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሳይክል ውስጡ እንዲህ ያለ ትግል አለ።

ስትቀመጡበት መሬት ቸርኬውን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ታች ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ላላ ይላሉ። የቀሩት ብዙም አይለወጡም። ለምሳሌ ታች ያለችዋ ከ100 ወደ 70 ብትወርድ፣ ያጣቻት 30 ናት የተሸከመችው ክብደት። ሳትጎብጥ ተሸከመች፤ ምክንያቱም የምትቀንሰው ነገር ቀድሞ ነበራት። እንደ ቁጠባ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚመዘዘው አስቀድሞ የተቀመጠው ነው። ከመጀመሪያው የላላች ሽቦ ግን ምንም ቁጠባ የላትም። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ባዶዋን ትቀራለች፣ ተመልሳ ትወጠራለች፣ ደግሞ ባዶዋን ትቀራለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሌላም ነገር ተመልከቱ። ሽቦዎቹ ከመሃሉ (እምብርቱ ልበለው) ቀጥ ብለው አይወጡም፤ እየተጣለፉ ነው የሚሄዱት። ይህን አሠራር እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ በ1874 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ምክንያቱ ፔዳሉ ነው። ስትረግጡ ካቴናው እምብርቱን ይጠመዝዘዋል። ሽቦዎቹ ቀጥ ያሉ ቢሆኑ እምብርቱ ቀድሞ ዞር ይልና ቸርኬው ወደ ኋላ ይጎተታል። ተጣልፈው ሲሄዱ ግን ግማሾቹ ቸርኬውን ወዲያው ይዘውት ይዞራሉ። አንዷን ሽቦ ከእምብርቱ እስከ ቸርኬው በጣታችሁ ብትከተሏት፣ በብዙ ሳይክል ላይ ሦስት ሽቦዎችን አቋርጣ ታገኟታላችሁ። ከ150 ዓመት በኋላም እንዲያው ናት።

ድንኳን፣ ክራር፣ እና የእኔ ስምንት ቁጥር

ቸርኬ ለምን ወደ ጎን ይሄዳል? ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ምሰሶውን ገመዶች ከግራም ከቀኝም ወጥረው ይዘውታል። የግራው ገመድ ከላላ ምሰሶው ወደ ቀኝ ያዘማል። ለማቅናት ወይ የግራውን ትወጥራለህ፣ ወይ የቀኙን ታላላለህ።

ቸርኬም ይኸው ነው። ሽቦዎቹ የሚነሡት ከእምብርቱ ሁለት ጠርዞች ነው፤ ግማሾቹ ከቀኝ፣ ግማሾቹ ከግራ። ቸርኬው ላይ ሲገቡ አንድ የቀኝ፣ አንድ የግራ እየተፈራረቁ ነው። እንግዲህ ቸርኬው አንድ ቦታ ላይ ወደ ግራ ከወጣ ከሦስት አንዱ ሆኗል። ወይ እዚያ ያለችው የቀኝ ሽቦ ላልታለች። ወይ የግራዋ ከልክ በላይ ከርራለች። ወይ ብረቱ ራሱ ታጥፏል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ወልጋዳ ወልጋዳ ነው። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የከረረችውን ትቶ ሌላዋን የሚያከርር ሰው ቸርኬውን ለጊዜው ያቀናዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሽቦ ይሰብራል።

ጠጋኙ ይህን የሚለየው በጆሮው ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ ወይም በመፍቻ ጫፍ መታ መታ ያደርጋቸዋል። የተወጠረችው ቀጭን ድምፅ ትሰጣለች፤ የላላችው ወፍራም፣ አንዳንዴም ድምፅ አልባ «ጥፍ» ብቻ። ክራር የሚቃኝ ሰው ጆሮውን አዘንብሎ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ክራር ግን አምስት ወይም ስድስት ክር ቢኖረው ነው። ይሄኛው 36 አለው። በዚያ ላይ እዚህ አንዷን ስትነካ ለጎረቤቶቿ ሁሉ ይሰማቸዋል። አንዷን አጠበቅህ ማለት የአጠገቧን ውጥረትም ትንሽ ለወጥክ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ አስተካክሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም።

እኔ ይህን ያወቅኩት አበላሽቼ ነው። አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የሽቦ መፍቻ ገዛሁ፤ ያቺን ዙሪያዋን የተለያየ ቁጥር ያላት ትንሽ ክብ ብረት። ሳይክሌን ገለበጥኩ። ቸርኬው ወደ ግራ የወጣበትን ቦታ አገኘሁ። የቀኙን ሽቦ አጠበቅኩ። ባሰበት። ጨመርኩለት። አሁንም ባሰበት። እኔም እልህ ያዘኝ። ከሰዓት በኋላ ጎማው ስምንት ቁጥር ሠርቶ በሹካው መሃል አላልፍ አለ።

ተሸክሜ ሰፈራችን ወዳለው ጠጋኝ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ነበር፤ ጋሼ ነበር የምንለው። አየት አደረገና፣

«አንተ ልጅ፣ ስታጠብቀው ሳይሆን ስትፈታው ነው የዋልከው» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ! ወደ ቀኝ ነው ያዞርኩት። ብሎን በቀኝ አይደል የሚጠብቀው?»

«ከየት ሆነህ ስታየው?»

ጥያቄው ይቺ ናት። ሽቦዋን ቸርኬው ላይ የምትይዛት ትንሽ ዳዶ አለች። ጭንቅላቷ ያለው በውጭ በኩል፣ ከካላማዳሪያው ሥር ነው። ከዚያ ወገን ሆነህ ብታያት እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ስትዞር ትጠብቃለች። ሳይክሉ ተገልብጦ አንተ ከላይ ሆነህ ፍሬኑ ጋ ያለችውን ስትሠራ ግን የምታያት ከጀርባዋ ነው። የግድግዳ ሰዓትን ከኋላው እንደማየት። ቀኝህ ግራዋ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህች ላይ ነው።

ጋሼ ያደረገውን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። የእኔን ስህተት ወደ ኋላ ለመመለስ እንኳ አልሞከረም። ሁሉንም ሽቦዎች አላላቸው። ከዚያ ከቫልቩ ጀምሮ ሁሉንም እኩል፣ እየዞረ አጠበቃቸው። አንድ ዙር። ግማሽ ዙር። ከዚያ ሩብ። የዳዶዋ ጥርስ በጣም ደቃቅ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ሽቦዋን የሚስባት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሩብ ዙር ማለት እንግዲህ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ። በዓይን የማይታይ ነገር ነው። አውራ ጣቱን ሹካው ላይ አስደግፎ ጥፍሩን ወደ ቸርኬው አስጠግቷል። ቸርኬው ሲዞር ጥፍሩን የሚነካው የት ላይ እንደሆነ ይሰማል፤ እዚያ ላይ ሩብ ዙር ይሰጣል። ጠመኔ አስደግፎ ቸርኬው ላይ ምልክት የሚያስጥልም አለ፤ ይሄም አሪፍ ዘዴ ነው።

የጎን ብቻ አይደለም። ቸርኬ ወደ ላይና ወደ ታችም ይዘላል። ከመንገድ ጋር በተገናኘ ቁጥር ድብ፣ ድብ የሚለው ያ ነው። ለዚህ የቀኝም የግራም ሽቦ አብረው ይጠብቃሉ ወይም አብረው ይላላሉ። የጎኑን ስታቀና የላዩ ይበላሻል፤ የላዩን ስታቀና የጎኑ። ስለዚህ ጠጋኙ በሁለቱ መሃል ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ስህተቱ እያነሰ ይሄዳል። በላስቲክ ፍሬን ለሚሠራ ሳይክል ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከደረሰ ይበቃል። ከዚያ በላይ መድከም ለውድድር ኮርሳ ካልሆነ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ጥሩውን ጠጋኝ ከመካከለኛው የምትለዩበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቸርኬው ቀጥ ካለ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል። መካከለኛው እዚያ ላይ ሒሳቡን ይቀበላል። ጥሩው ግን ጎማውን ይዞ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ በጡንቻው ይጨምቃቸዋል። ጎማው ቂው፣ ቂው የሚል ድምፅ ያወጣል። ምክንያቱ ዳዶዋ ስትዞር ሽቦዋም አብራ ትጠማዘዛለች። ተጠማዛ የቀረች ሽቦ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስታገኝ ትፈታለች፤ ቸርኬውም ተመልሶ ይወላገዳል። በእጅ መጨመቁ ያን ጉድጓድ እዚያው ሱቅ ውስጥ ማምጣት ነው። ከዚያ እንደገና ያሽከረክራል፣ እንደገና ያስተካክላል። «ትናንት አሠርቼው ዛሬ ተመልሶ ተበላሸ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ይህች እርምጃ ስለተዘለለች ነው።

ብረቱ ራሱ የታጠፈ ከሆነስ? ጠጋኙ ሽቦዎቹን ያላላና ቸርኬውን ያየዋል። ማንም ሳይጎትተው አሁንም ወልጋዳ ከሆነ ችግሩ የሽቦ አይደለም። የድሮው ከባድ ብረት ቸርኬ ትንሽ ይታገሣል፤ መሬት ላይ አስተኝተው በጉልበትም ቢሆን ይመልሱታል። የአሉሚኒየሙ ግን እንዲህ ያለ ቀልድ አያውቅም። በሽቦ ጉልበት ልመልስህ ቢሉት፣ አንድ ወገን እጅግ የከረሩ ሽቦዎች ሌላ ወገን የላሉ ሽቦዎች ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን «ወንድሜ፣ ይሄ አይሆንም፣ ቸርኬ ቀይር» የሚል ጠጋኝ ሊሸጥላችሁ ፈልጎ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩት። ሽቦዎቹን አስመታችሁ ስሙ።

ሽቦ የሚሰበረው ለምንድን ነው

አንድ ቀጭን ሽቦ በእጃችሁ መበጠስ ስትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ? አትጎትቱትም። አጥፋችሁ ትመልሱታላችሁ፣ አጥፋችሁ ትመልሱታላችሁ። በአሥረኛው ወይም በሃያኛው ይለቃል። የሳይክል ሽቦም የሚሞተው እንዲሁ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የላላች ሽቦ በየዙሩ ባዶ ትቀራለች፣ ትወጠራለች። በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ። ቦታዋም ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ የምትሰበረው እምብርቱ ውስጥ ገብታ በታጠፈችበት ክርኗ ላይ ነው። ሰው «በጣም ከረረና ተበጠሰ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ ግልባጩ ነው፤ ላልታ ነው የተሰበረችው።

አንዷ ስትሰበር የእሷ ድርሻ ለጎረቤቶቿ ይደርሳል። ቸርኬውም ወዲያው ይወላገዳል። «አንዲት ሽቦ ምን ታመጣለች» ብሎ ሁለት ሳምንት የነዳ ሰው ሦስትና አራት ይዞ ይመጣል።

ስብራቱ የሚበዛው የኋላ ጎማ ላይ ነው፤ ከኋላም ደግሞ በቀኝ በኩል። ክብደታችን የሚበዛው ከኋላ ነው። ቀኝ በኩል ደግሞ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ አለ። ጥርሱ ቦታ ስለሚወስድ የቀኝ ሽቦዎች ቀጥ ብለው ቆመው ለመሄድ ይገደዳሉ፤ የግራዎቹ ግን ሰፋ ብለው ይቆማሉ። ቸርኬው መሃል ላይ እንዲቀመጥ የቀኞቹ ከግራዎቹ ይበልጥ መክረር አለባቸው። ስለዚህ የኋላ ጎማ ላይ የቀኝና የግራ ድምፅ እኩል ይሁን የሚል ጠጋኝ ካያችሁ ሽሹ። የቀኙ ከቀኙ፣ የግራው ከግራው ጋር ነው የሚነጻጸረው።

ክፋቱ ደግሞ፣ የቀኝ ሽቦ ለመቀየር በብዙ ሳይክል ላይ ጥርሱ መውለቅ አለበት። ጥርሱ በጥምዝ ነው የሚገባው፤ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ይጠብቃል። ሦስት ዓመት የተነዳ ሳይክል ጥርስ ለሦስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ጥርስ ነው። ለየዓይነቱ የራሱ ማውለቂያ አለው። ማውለቂያው ከሌለ መዶሻና ስለት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንዲት ሽቦ ለመቀየር «ይህን ያህል?» ብላችሁ የምትከራከሩት ሒሳብ የሽቦዋ ሳይሆን የዚህ ትግል ዋጋ ነው።

ቀዳዳው ይናገራል

ልጠፋን ቀላል ሥራ አልኩ እንጂ ሞኝ ሥራ አላልኩም። አየር መንፋት፣ ሳፋ ውስጥ መንከር፣ አረፋ የሚወጣበትን ማየት፤ ይህን ልጅም ያደርገዋል። ባለሙያው ግን ቀዳዳውን ካገኘ በኋላ ጥቂት ያየዋል።

አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በውጭ በኩል ካለች እሾህ ወይም ሚስማር ነው። እሾሁ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጣቱን በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ይዳብሳል፤ ቀስ ብሎ፣ የግራር እሾህ ምሕረት የለውምና። ይህን ያላደረገ ሰው ለጥፎ ሰጥቷችሁ ሠፈራችሁ ሳትደርሱ ጎማው ይተነፍሳል። ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን፣ እባብ እንደነደፈው ሆነው ከተገኙ ግን እሾህ መፈለግ ከንቱ ነው። አየር ሳይሞላ ድንጋይ ተወጥቶበታል፤ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ተቆንጥጧል። መድኃኒቱ ፓምፕ ነው። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ወደ እምብርቱ በሚያየው ወገን ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው ቸርኬው ነው። የሽቦ ጫፍ ከዳዶዋ አልፎ ወጥቷል፣ ወይ የሚሸፍነው ላስቲክ ተንሸራቷል።

ማስቲሹም የራሱ ምስጢር አለው፤ ምስጢሩም ትዕግሥት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ማስቲሹ ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ከዚያ ይጠበቃል። እርጥብ እያለ የተለጠፈ ይላቀቃል። በጣት ነካ ሲያደርጉት የማያጣብቅ ሲሆን ነው የሚለጠፈው። ይህ ለሰው ግልጽ ስላልሆነ፣ ጠጋኙ ቀብቶ ሲጋራውን ሲለኩስ ደንበኛው «ቶሎ በል እንጂ!» ይላል።

ከየት ነው የሚጮኸው?

«ጓ፣ ጓ ይላል» ብሎ ሳይክል የሚያመጣ ሰው ብዙ ነው። ብረት ድምፅ ያስተላልፋል፤ ከመቀመጫው የተነሣው ከታች የመጣ ይመስላል። ጠጋኙ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። መርገጥ ስታቆም ድምፁ ይቆማል? ከቆመ ከፔዳል፣ ከካቴና ወይም ከመሃሉ ኩሽኔታ ነው። ከቀጠለ ከጎማዎቹ ነው። ቀጥሎ፦ በስንት ዙር አንዴ ነው? ፊት 44 ጥርስ፣ ኋላ 18 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ተኩል ገደማ ይዞራል። ስለዚህ ድምፁ ከእግራችሁ ጋር የሚቆጠር ነው ወይስ ይፈጥናል? ይህን ያህል ብቻ ተጠይቆ የጥፋቱ ሠፈር ይታወቃል።

ፔዳል ካነሣን፣ የግራው ፔዳል ጥምዙ ግልባጭ ነው። ሌላው ብሎን በሚፈታበት አቅጣጫ ይጠብቃል። በአረጋገጣችን እየላላ እንዳይወጣ ተብሎ ነው የተሠራው። ይህን ሳያውቅ በመፍቻ ታግሎ ጥምዙን የላጨ ጎረምሳ ስንት ነው። ቀላሉ መንገድ፣ መፍቻውን ወደ ላይ አቁማችሁ ወደ ሳይክሉ ኋላ ብትስቡት ሁለቱም ይፈታሉ።

ካቴናው ላይ ብዙ አልቆይም። «ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። በየመጋጠሚያው ያለው ፒን ይበላል። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 24 መጋጠሚያዎች አዲስ ሳሉ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ 308 ገደማ ከደረሱ ካቴናው ጥርሶቹንም መብላት ጀምሯል፣ ያን ጊዜ ሁለቱንም መቀየር ሊመጣ ነው። ማስመሪያ ከሌለ ከፊት ጥርሱ ላይ ካቴናውን ወደ ፊት ሳቡት። ተነሥቶ ከሥሩ ብርሃን ካሳየ አልቆለታል። አንድ ልመና ብቻ፦ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አታፍስሱበት። ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ኩሽኔታውም የጣት ሥራ ነው። በአብዛኛው የኋላ እምብርት ውስጥ በየወገኑ ሩብ ኢንች ውፍረት ያላቸው ዘጠኝ ድቡልቡል ጥይቶች አሉ። ወድቀው አሸዋ ውስጥ እንዳይጠፉ ጠጋኙ በቆርቆሮ ክዳን ይሰበስባቸዋል፤ ሲመልሳቸው ግራሶ እንደ ማጣበቂያ ይይዝለታል። ከባዱ ማጥበቁ ነው። በጣም ከጠበቀ ይፈጫል፣ ከላላ ይንገዳገዳል። በዚያ ላይ መጨረሻ የሚታሰረው ዳዶ ሲጠብቅ የተስተካከለውን ትንሽ ይገፋዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሆን ብሎ ትንሽ አላልቶ ይተወዋል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ልክ ይመጣል። ስንት ነው ያ «ትንሽ»? ብትጠይቁት እጁን ያሳያችኋል እንጂ ቁጥር አይነግራችሁም።

ያን ቀን ጋሼ ጎማዬን ሲመልስልኝ «በሳምንቱ ይዘኸው ና» ብሎኝ ነበር። አዲስ የተወጠረ ሽቦ በቦታው ለመደላደል ጥቂት ቀን መነዳት ይፈልጋል። በሳምንቱ ወሰድኩት። ሳይክሉን አልገለበጠም። ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን በጥፍሩ ዳሰሳቸው፣ አንዷ ላይ ቆመ፣ ሩብ ዙር ሰጣት፣ እንደገና መታት። ሒሳብ ስጠይቀው ውኃ ከሳፋው ቀድቶ እጁን እየታጠበ ነበር።

«ለሩብ ዙር?» አለኝ።